ሳያለቅሱ የሚፈሰው እንባ

ከልጆችዎ አያት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ከሆነ፣ ወይም በጎረቤት ካሉ አረጋውያን ጋር ቡና የሚጠጡ ከሆነ፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ደጋግመው የሚጠርጉ እናት ሳያዩ አይቀሩም። «ምነው እማማ፣ ምን አስለቀሰዎት?» ሲባሉ «ኧረ አላለቀስኩም፤ እንዲያው እንባዬ እየፈሰሰ አስቸገረኝ እንጂ» ይላሉ። ጠያቂውም «እርጅና ነው» ብሎ ነገሩን በዚያው ይዘጋዋል። እኚህ እናት ግን ቀስ በቀስ ከሰው ፊት መራቅ ይጀምራሉ። ሐዘንተኛ መስለው መታየቱ ያሳፍራቸዋል፤ ዓይናቸው ቀልቶ ሲያይ የልጅ ልጃቸው ይሸሻቸዋል፤ ሌሊት ዓይናቸው ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ይቆረቁራቸዋል። ይህ ሁሉ የሚደርስባቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንዲት አጭር ቀዶ ሕክምና ሊስተካከል በሚችል ነገር ነው።

እስቲ አንድ ቀን በጠዋት ብርሃን እናትዎን ከመስኮት አጠገብ አስቀምጠው ሁለቱን ዓይኖቻቸውን ያስተያዩ። ጤናማ የሆነ የታችኛው የዓይን ቆብ ጠርዙ ከዓይኑ ጋር ልክ ገጥሞ ይታያል። ጠርዙ ከዓይኑ ርቆ ወደ ታች ከተንጠለጠለ፣ በውስጥ በኩል ያለው እርጥብ ቀይ ሽፋንም ወደ ውጭ ከታየ፣ ሐኪሞች ኤክትሮፒዮን የሚሉት ነገር ደርሷል ማለት ነው። በእኛ አነጋገር የታችኛው የዓይን ቆብ ወደ ውጭ መገልበጥ ብንለው ይበቃል። ጅማሬው ላይ ይህን ያህል ጎልቶ አይታይም። በአፍንጫ በኩል ያለው ጥግ ብቻ ትንሽ ሸሸት ይልና እንባ መፍሰስ ይጀምራል።

እዚህ ላይ አንድ የስም መደናገር አለ። በአገራችን የዓይን ቆብ በሽታ ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው ትራኮማ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኢትዮጵያ በትራኮማ ከዓለም አገሮች ሁሉ ይበልጥ የተጠቃች ናት። ትራኮማ ለዓመታት ሲመላለስ የዓይን ቆቡን፣ ይበልጡንም የላይኛውን፣ ከውስጥ በኩል ጠባሳ ያደርገዋል። ጠባሳው ሲኮማተር ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ዓይንን ይፈገፍጋል። ዛሬ የምንነጋገርበት ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ቆቡ ወደ ውጭ ይሸሻል እንጂ ጸጉር ወደ ዓይን አይገባም። ሰው ግን ሁለቱንም «ዓይኔ ተቀለበሰ» ይላል። ከዚህም የተነሣ ቆባቸው ወደ ውጭ የተገለበጠ እናት በወረንጦ ሽፋሽፍታቸውን ሲያስነቅሉ ይታያሉ፤ ለዚህኛው ሕመም ይህ ምንም አይጠቅምም። ለወደ ውስጥ መታጠፍ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና የቆቡን ጠርዝ ወደ ውጭ የሚያዞር ስለሆነ፣ ወደ ውጭ ለተገለበጠ ቆብ የሚያስፈልገው ሌላ ዓይነት ሥራ ነው። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ «ተቀለበሰ» ብቻ ብለው አይተዉ። የትኛው ቆብ እንደሆነና ወደ ውስጥ ይሁን ወደ ውጭ በጣትዎ አመልክተው ይናገሩ።

እንባው ለምን ይፈስሳል? ብዙ ሰው እንባ የሚመጣው ስናለቅስ ብቻ ይመስለዋል። እንባ ግን ቀኑን ሙሉ ከዓይን በላይ በውጭው በኩል ካለው ዕጢ ጥቂት በጥቂት ይመነጫል። ዓይናችንን በጨፈንን ቁጥር ቆቡ እንባውን በዓይናችን ፊት ላይ ያዳርሰዋል። ከዚያም በአፍንጫ በኩል ባለው የዓይን ጥግ ላይ፣ በላይኛውና በታችኛው ቆብ ጠርዝ፣ አንዳንድ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች። እንባው በእነዚህ ቀዳዳዎች ገብቶ፣ በቀጭን ቱቦ ወርዶ፣ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ስናለቅስ ንፍጣችን አብሮ የሚወርደው በዚሁ ምክንያት ነው። የታችኛው ቆብ ወደ ውጭ ሲገለበጥ ያቺ ትንሽ ቀዳዳ ከእንባው ትለያለች። የመታጠቢያ ቤት ውኃ መውረጃ ከወለሉ ከፍ ተደርጎ ቢሠራ ውኃው ወደ ሳሎን እንደሚሄድ ሁሉ፣ እንባውም መግቢያ አጥቶ በጉንጭ ላይ ይወርዳል።

ይህን ብቻ ቢሆን ኖሮ ሕመሙ የመሐረብ ጉዳይ ሆኖ በቀረ ነበር። የባሰው ነገር ዓይኑ እንባ እያፈሰሰ መድረቁ ነው። ቆቡ ከዓይን ጋር ስለማይገጥም እንባውን ማዳረስ አይችልም። ወደ ውጭ የወጣው ቀይ ሽፋን በነፋስና በአቧራ ይደርቃል፣ ይወፍራል፣ ይቆጣል። የዓይናችን የፊት መስታወት የሆነው ኮርኒያ የታችኛው ክፍልም ሳይሸፈን ያድራል። የደረቀ ኮርኒያ ይላጣል፤ የተላጠው ቦታ ጀርም ይገባበትና ይቆስላል፤ የቆሰለው ሲድን ነጭ ጠባሳ ይተዋል። ብርሃን የሚገባበት መስኮት ጠባሳ ከያዘ ደግሞ ማየት ይቀንሳል። «እርጅና ነው» ተብሎ የሚታለፈው ነገር መጨረሻው እስከዚህ ሊያደርስ ይችላል።

አሁን ወደ ነጠላው ጫፍ እንመለስ። እንባው ሲፈስ መጥረግ ግድ ነው፤ ችግሩ አጠራረጉ ላይ ነው። አብዛኞቻችን የምንጠርገው ከዓይን ወደ ጉንጭ፣ ወደ ታች እየጎተትን ነው። የላላን ቆብ በቀን ሠላሳና አርባ ጊዜ ወደ ታች መጎተት ይበልጥ እንዲላላ ማድረግ ነው። ይበልጥ ሲላላ ይበልጥ ያነባል፤ ይበልጥ ሲያነባ ይበልጥ ይጠረጋል። በዚህም ላይ ሁልጊዜ በእንባ የራሰው የጉንጭ ቆዳ ይቆጣል፣ ይላጣል፣ ሲደርቅም ይኮማተርና ቆቡን ከታች ሆኖ ይስበዋል። ስለዚህ እናትዎን እንዲህ ብለው ያስለምዷቸው፤ እጅን ታጥቦ፣ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ወይም ሶፍት ይዞ፣ ከውጭው ጥግ ወደ አፍንጫ፣ ወደ ላይ እያደረጉ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ። መፈግፈግ አያስፈልግም። የነጠላው ጥለት ለበዓል ያምራል እንጂ ለዓይን ሸካራ ነው፤ ቀኑን ሙሉም ስንቱን ነገር ሲነካ ይውላል። ለጉንጩ ቆዳ ጥቂት ቫዝሊን ቢቀባ እንባው ቆዳውን እንዳይበላው ይከላከላል።

ቆቡን የሚያላላው ዋነኛው ነገር በእርግጥ ዕድሜ ነው። የታችኛው ቆብ በሁለት ጫፉ፣ በአፍንጫና በጆሮ ግንድ በኩል፣ ከአጥንት ጋር በጅማት ታስሮ እንደ ተወጠረ የልብስ ማስጫ ገመድ የቆመ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጅማቱ ይረዝማል፣ ገመዱም ይረግባል። ሐኪሙ ቆቡን በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ ከዓይን ካራቀው በኋላ ሲለቀው ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚመለስ ይመለከታል። ጠንካራ ቆብ ወዲያው ይመለሳል፤ የላላው ዓይን እስኪጨፈን ድረስ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቆያል። ይህን እርስዎ ቤት ውስጥ መሞከር አያስፈልግዎትም፤ ቆቡን የሚጎትተው እጅ አስቀድሞም በዝቷል።

ነገር ግን ሕመሙ የአረጋውያን ብቻ ነው ብለው እንዳይዘናጉ። በሥራ ላይ ባለ ዕድሜ ላይ የሚያጋጥም አንድ ምክንያት አለ፤ እርሱም የፊት መጣመም ነው። አንዲት ሴት ማታ ደህና ተኝታ ጠዋት ስትነሳ አፏ ወደ አንድ ወገን ሄዶ፣ አንድ ዓይኗ አልከደን ብሎ ታገኘዋለች። ቤተሰብ «ምች ነው»፣ «ብርድ መታት» ይላል፤ የዳማከሴ ቅጠል ፍለጋም ይጀመራል። የተጎዳው ግን የፊትን ጡንቻ የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ነው። ከዚህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1821 ስለዚህ ነርቭ ጥናቱን ባቀረበው በስኮትላንዳዊው ሐኪም በቻርልስ ቤል ስም ይጠራል። በእርግዝና በመጨረሻዎቹ ወራት ላይ ያሉ እናቶችና የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ይበልጥ ይጋለጡለታል። ነርቩ ሲደክም በዓይን ዙሪያ ያለው የመክደኛ ጡንቻ ይላላል፤ የታችኛው ቆብ ይወርዳል፤ የላይኛውም ወርዶ አይገጥምም።

ደስ የሚለው ነገር አብዛኞቹ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይድናሉ። ሆኖም ሁለት ነገር ጊዜ አይሰጥም። አንደኛው፣ ነርቩን የሚረዳው የእንክብል መድኃኒት ይበልጥ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ዳማከሴው ሳምንት እስኪሞከር ድረስ ይህ ቀን ያልፋል። ነፍሰ ጡር የሆነች እንደሆነም ይህንኑ ለሐኪሙ አስቀድማ ትንገረው። ሁለተኛው፣ ነርቩ እስኪያገግም ድረስ ያልተከደነው ዓይን መጠበቅ አለበት። ቀን ቀን ሐኪም የሚያዝዘው ዓይን የሚያረጥብ ጠብታ፣ ሌሊት ቅባት ይደረጋል፤ ከዚያም ነርሷ እንዳሳየችው ቆቡ በሕክምና ፕላስተር ተከድኖ ይታደራል። ፕላስተሩን ዓይኑ በትክክል ሳይከደን መለጠፍ ራሱ ኮርኒያን ስለሚፈገፍግ፣ አለጣጠፉን በዓይንዎ ሳያዩ ወደ ቤት አይመለሱ። ከፊቱ መጣመም ጋር አንድ እጅ ወይም እግር ከደከመ፣ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ግን ነገሩ የአንጎል ደም ሥር ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል ለነገ ሳይሉ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ ነው።

ይኸው የፊት ነርቭ በሥጋ ደዌም ይጎዳል። የሥጋ ደዌ የዓይንን የመሰማት ኃይል ጭምር ሊያደነዝዝ ስለሚችል፣ ቆቡ ተገልብጦ ዓይኑ እየቆሰለም ታማሚው ሕመም ላይሰማው ይችላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት ለረጅም ዘመን ሲሠራ የኖረው ለእነዚሁ ወገኖች ነው። የሥጋ ደዌ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። ነገር ግን ከበሽታው የዳነ ሰው ዓይኑን በየቀኑ በመስታወት የመመልከት ልማድ ያስፈልገዋል።

ለእናቶች አጥብቀን የምንናገረው ሌላው ምክንያት ቃጠሎ ነው። ምድጃ፣ የፈላ ሻይ፣ የተገለበጠ የሹሮ ድስት በሕፃን ፊት ላይ የሚያደርሱትን ማን ያጣዋል? የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እሳት ላይ ሲወድቅም እንዲሁ ነው። ጉንጭ ላይ ያለ ቃጠሎ ቁስሉ ሲሽር «ተመስገን፣ ዓይኑ ተረፈ» ይባላል። ጠባሳ ግን ቁስሉ ከዳነ በኋላም ለወራት እየተኮማተረ ይሄዳል፤ ሲኮማተርም የታችኛውን ቆብ ወደ ጉንጭ ይጎትተዋል። ስለዚህ ፊቱ የተቃጠለ ልጅ ካለዎት ቁስሉ ከሻረ በኋላም ሌሊት ተኝቶ ሳለ መብራት አብርተው ይመልከቱት። ዓይኑ በደንብ ካልተከደነና ነጩ ከታየ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ቃጠሎው በደረሰበት ሰዓት የሚደረገውም ቀላል ነው፤ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስና ወደ ሕክምና መሮጥ። ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የእንቁላል አስኳል የሚባለው ሁሉ ሙቀቱን ይዞ ያስቀረዋል፤ ቁስሉንም ያቆሽሻል።

አልፎ አልፎ ቆቡ ላይ የበቀለ እብጠት በክብደቱ ይገለብጠዋል። የማይድን ቁስል፣ እያደገ የሚሄድ እብጠት፣ ወይም በአንድ ቦታ የረገፈ ሽፋሽፍት ከታየ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ቶሎ መታየት አለበት። ከነችግሩ የሚወለዱ ሕፃናትም አሉ፤ እነዚህ ግን ጥቂት ናቸው።

ከመድኃኒት ቤት ስለሚገዛ ጠብታ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ዓይን ሲቀላ ጎረቤት ቀድሞ የተጠቀመበትን ብልቃጥ ያውሳል፤ ባለ መድኃኒት ቤቱም አንዳንዴ ሳይጠይቅ ይሸጣል። መቅላትን በፍጥነት የሚያጠፉ አንዳንድ ጠብታዎች ስቴሮይድ አላቸው። እነዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ የዓይንን ግፊት ያስነሳሉ፣ የዓይን ሞራ ያመጣሉ፣ ያለውንም ቁስል ያባብሳሉ። ዓይኑ ነጣ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። የቅጠል ጭማቂና የጡት ወተት ዓይን ውስጥ መጨመርም ለቆሰለ ኮርኒያ ጀርም ማቀበል ነው። በተገለበጠው ቀይ ሽፋን ላይ ኩል መኳልም አይገባም፤ በልማድ የሚዘጋጅ ኩል ብዙ ጊዜ እርሳስ የተባለው መርዛም ማዕድን ይገኝበታል።

እርስዎ ራስዎ ዓይንዎ የሚያነባ ከሆነና የሚሠሩት አቧራ፣ ብናኝ ወይም ጭስ ባለበት ቦታ ከሆነ፣ በጎን በኩል ጭምር የሚሸፍን መነጽር ብዙ ይረዳል። እንጀራ የሚጋግሩ ሴቶች ጭሱ ወደ ፊታቸው እንዳይመጣ ምጣዱን ከነፋሱ አንጻር ማዞር ያውቁበታል፤ ሌሎቻችን ከእነርሱ ብንማር ጥሩ ነው።

ዓይኑ በድንገት ክፉኛ ከቀላ፣ ካመመ፣ ብርሃን ማየት ካቃተው፣ እይታው ከደበዘዘ፣ ወይም በጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ የቀጠሮ ቀን መጠበቅ አያስፈልግም፤ በዕለቱ መሄድ ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ከሌለ አረጋግተው መጀመሪያ በአቅራቢያዎ ያለውን ጤና ጣቢያ ይጠይቁ። የዓይን ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል የሚልክዎት እርሱ ነው። በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ በጎንደርና በጅማም የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የዓይን ሕክምና ክፍል አላቸው። በሄዱበት ቦታ መቼ እንደጀመረ፣ ከዚያ በፊት ቃጠሎ፣ የፊት መጣመም ወይም የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና እንደነበረ ይናገሩ። እናትዎ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነብልቃጡ ይዘው ይሂዱ፤ በተለይ አስፕሪንና ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከሆነ ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ማወቅ አለበት። ራስዎ ግን አያቋርጡባቸው።

«ዓይን በምላጭ» ሲባል የማይደነግጥ የለም፤ አረጋውያን ደግሞ ከዚህ የተነሣ እንባውን ይመርጣሉ። ስለዚህ ምን እንደሚደረግ አስቀድመው ይንገሯቸው። የሚነካው ቆቡ እንጂ ዓይኑ አይደለም። በዕድሜ ለላላ ቆብ የሚደረገው የተለመደ ሥራ በውጭው ጥግ ትንሽ ቀድዶ፣ የረዘመውን ጅማት አሳጥሮ፣ በአጥንቱ ሽፋን ላይ መልሶ መስፋት ነው፤ ያንኑ የረገበ ገመድ እንደገና እንደ መወጠር ያለ ነገር ነው። የሚደነዝዘው ቦታው ብቻ ስለሆነ ታማሚው ነቅቶ ይተኛል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ በዕለቱም ወደ ቤት ይመለሳል። የማደንዘዣው መርፌ ጥቂት ሰከንዶች ያቃጥላል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። በቃጠሎ ጠባሳ ለተጎተተ ቆብ ግን ማጥበቅ ብቻውን አይበቃም። የጎደለውን ለመሙላት ከላይኛው ቆብ ወይም ከጆሮ በስተኋላ ቆዳ ተወስዶ ይለጠፋል፤ ይህም ዓይኑ አደጋ ላይ ካልሆነ በስተቀር ጠባሳው እስኪረጋ ድረስ ወራት ሊቆይ ይችላል። የፊት መጣመም ያመጣው ከሆነ ደግሞ ነርቩ እንዲያገግም ጊዜ ይሰጠዋል።

በሥራ ላይ ከሆኑ ለቀዶ ሕክምናው ቀንና ለማግሥቱ ፈቃድ አስቀድመው ይጠይቁ፤ እናትዎ በአንድ ዓይን ታክሲ ላይ ብቻቸውን እንዳይወጡ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዓይኑ ዙሪያ ያብጣል፣ ይጠቁራል። በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ያሳርፈዋል፤ ከፍ ባለ ትራስ መተኛትም እንዲሁ። የታዘዘው ቅባት በሰዓቱ ይቀባል። ለአንድ ሁለት ሳምንት ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ ጎንበስ ብሎ ልብስ ማጠብና ጭስ ላይ መቀመጥ ይቅር። የሚወጣ ስፌት ከሆነ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይወጣል። እብጠቱ ቀን በቀን ከመቀነስ ይልቅ ከጨመረ፣ መግል ካለው፣ ወይም እይታ ከቀነሰ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ተመልሰው ይሂዱ። እንባው በማግሥቱ ካልቆመም «ከንቱ ነው የደከምነው» ማለት አይገባም። ያቺ ትንሽ ቀዳዳ ለብዙ ጊዜ ደርቃ ከቆየች ልትጠብ ትችላለች፤ እንዲህ ሲሆን ሐኪሙ በቀጠሮው ቀን ቱቦውን በውኃ አጥቦ መከፈቱን ያያል፣ ካስፈለገም ቀዳዳዋን ያሰፋታል።